ማግኔቱ ምን በደለ?

ማክሰኞ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ አሥር ደቂቃ አልሞላውም። የሰደበው የክፍሉ አለቃ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የተጋራው፣ እርሳሱን ለሁለት ሰብሮ ያካፈለው ጓደኛው። ስድቡም ይህ ነው፦ «የብረት ለቃሚ ልጅ! ቁርጥራጩን በኪሱ ይዞ እየዞረ የሁላችንንም ፎቶ ጠረገው!» አርባ ሰባት ተማሪ ሰምቷል። ከኋላ ወንበር ሦስቱ ስቀዋል፤ የትኞቹ እንደሆኑም ይታወቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የተሰደበውን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ብሎን ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለክፋት አልነበረም። አባቱ ስፒከር ጠጋኝ ነው፤ ልጁም ከትምህርት መልስ አጠገቡ ተቀምጦ ይሠራል። ከጠረጴዛ ላይ እየተንከባለሉ የሚያመልጡትን ጥቃቅን ብሎኖች የሚለቅምበት ማግኔት ከኪሱ አይለይም። ማግኔቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነው። ጉልበቱ ግን ለጉድ ነው፤ ከብረት በር ጋር አንዴ ከተጣበቀ በጥፍር አይላቀቅም።

የዚያን ዕለት የሆነው እንዲህ ነው። የተመራቂዎቹ መጽሔት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አንድ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ነበር። ፍላሹ ከቅዳሜ ጀምሮ አለቃ ጋ ሰንብቶ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ብሎን እጅ ገባ። ብሎን የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ያዥ ስለሆነ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ የእሱ ድርሻ ነው። ሰኞ መብራት ጠፋ፤ ፍላሹ ኪሱ ውስጥ አደረ። ማክሰኞ መምህሩ ፊት ሲሰካው ባዶ ነው። አንድ ፎቶ የለም። ካሜራው ደግሞ ቀድሞ ተጠርጓል።

«ቲቸር፣ ኪሱ ይፈተሽ! ማግኔት አለው!» አለ አለቃ፤ የቀረውንም ስድብ ያን ጊዜ ነው የጨመረበት።

መምህሩ ኪሱን አስወጡት። ማግኔቱ ሦስት ብሎን አንጠልጥሎ ወጣ። መምህሩ አንድ ቃል ሳይናገሩ በጣታቸው ወደ በሩ አመለከቱ። በሩ ላይ፣ ብሎን ራሱ በየዓመቱ በአዲስ ወረቀት የሚለጥፈው ማስጠንቀቂያ አለ፦ «ማግኔት ይዞ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው።»

«ቁልፉን» አሉት። ሰጣቸው።

ፍርዱ ለዓርብ ተቀጠረ። አባቱን ይዞ ይመጣል፤ «ፎቶዎቹን በማግኔት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል ወረቀት ይፈርማል፤ ክፍሉም ፊት ይነበባል። ከፈረመ ከኮምፒውተር ክፍሉ አይባረርም። ካልፈረመ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በሩን አይረግጥም። ብሎን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር የለውም። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መመዝገቢያ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው፤ የቀረው የአንድ ወር ሥራ ነበር።

* * *

አባቱ ወሬውን ሲሰማ ሥራውን አላቆመም። የተቀደደ የስፒከር ወረቀት በሙጫ እየለጠፈ፣ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ።

«ፈርም» አለው በመጨረሻ።

«አባዬ፣ እኔ አላጠፋሁም እኮ!»

«ማግኔት ያጠፋል። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ እጅ አጥፍቻለሁ።»

ይህን ታሪክ ብሎን ያውቀዋል፤ ግማሽ ግማሹን። አባቱ ሙሉውን ሲያወራ ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ልጁ ሳይወለድ ነው፤ አንድ ጡረተኛ ቴፑን ሊያሠራ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱ ላይ የሟች ወንድሙ ድምፅ አለ። አባቱ ቴፑን ሲፈታ ለካሴቱ ቦታ ቢያጣለት ከአንድ ትልቅ ስፒከር ጀርባ ላይ አስቀመጠው፤ ማግኔቱ ላይ ማለት ነው። ሦስት ቀን እዚያ ዋለ አደረ። ሰውዬው መጥቶ ሲከፍተው ሽሽሽሽ ብቻ ሆነ።

«ምን አለህ?» አለ ብሎን።

«‹ያልተማረ እጅ!› አለኝ። መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሰው እያለፈ። ሐሙስ ነበር፤ ዝናብ ያካፋ ነበር። ደግሞ ልክ ነው። አልተማርኩም። አንድ ሰው ቀድሞ ‹ማግኔት አጠገብ አታስቀምጥ› ቢለኝ ኖሮ…» ሙጫውን በጣቱ ጠረገ። «አሁን አንተ ደግሞ ልትከራከር? ፈርምና ኮምፒውተርህ ጋ ተመለስ። ስድብ ይለመዳል።»

«አንተ ለምደኸዋል?»

አባቱ ወደ ሙጫው ጎንበስ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዕለቱን ከነዝናቡ የሚያስታውስ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

* * *

ብሎን ከግድግዳው ወዲያ ያለችው አክስቱ ጋ ገባ። አክስቱ የሞባይል ጠጋኝ ናት። ስድስት ወር ሥልጠና ወስዳ የተመለሰች ዕለት ወንድሟ፣ የብሎን አባት፣ «እሷ ተማሪ፣ እኔ ደንቆሮ» ብሎ ያኮረፈው ኩርፊያ እስከ ዛሬ ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀውም። ሱቋ ውስጥ መቆሚያ የለም፤ የተከፈተ ስልክ፣ የተበታተነ ላፕቶፕ፣ አንድ ሣጥን ሙሉ የሞተ ዕቃ።

«ማግኔት ፍላሽ ያጠፋል?» አላት፤ ሰላምታውን ዘሎ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ» አለችው ሳቅ ብላ። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «ቁጭ በል። አያጠፋም።»

«አባዬ ካሴት አጥፍቷል።»

«ካሴት ሌላ ነው። ካሴትና የድሮው ፍሎፒ የሚጽፉት በማግኔት ስለሆነ ማግኔት ይደመስሳቸዋል። ፍላሽ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚጽፈው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ቆልፈው ይይዛሉ። ማግኔት ቢመጣ ቢሄድ እዚያ የሚይዘው የለውም። ስልክህም እንደዚያው፣ የአሁኖቹ ላፕቶፖችም አብዛኞቹ እንደዚያው።»

«ግን ፍላሹ ማግኔቱ ላይ ይጣበቃል። አይቼዋለሁ።»

«ልባሱ ብረት ነዋ! ኮፍያህ ተያዘ ማለት ጭንቅላትህ ተዘረፈ ማለት ነው?» ከሣጥኑ አንድ የሞተ ሃርድ ዲስክ አወጣች፤ ከባድ፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ። በካቻቢቴ ክዳኑን ፈታችው። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን፣ ሳህኑም ላይ የተዘረጋ ቀጭን ክንድ ነበር። «ይኼኛው ግን በማግኔት ነው የሚጽፈው። እንግዲህ ከክንዱ ሥር ያለውን ተመልከት።»

ብሎን ጎንበስ ብሎ አየ። ከክንዱ ሥር እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። የኪሱን ማግኔት አወጣ። አጠገቡ ያዘው። መንትያ ናቸው።

«አምስተኛ ክፍል ሳለህ ከዚህ ሣጥን የወሰድከው ነው» አለች አክስቱ። «ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከተጻፈው ነገር ጥቂት ጣት ርቆ ይኖራል፤ አንድ ፊደል አያጠፋም። ይህንንም ቢሆን ከውጭ ሆኖ ለመደምሰስ ለዚሁ የተሠራ ጉልበተኛ ማሽን ይፈልጋል። ብቻ ሳህኑ እየተሽከረከረ ሳለ ትልቅ ማግኔት አታስጠጋበት፤ ክንዱን ሊያስተው ይችላል።»

ብሎን ማግኔቱን መዳፉ ላይ አገላበጠው። ከኮምፒውተር ክፍል ያስባረረው ነገር ራሱ ከኮምፒውተር ሆድ የወጣ ነው። መሳቅ ነበረበት፤ አልሳቀም።

«አልፈርምም» አለ።

«መምህሩ በአፍ ያምኑሃል?»

«አያምኑም። አሳያቸዋለሁ።»

* * *

ረቡዕ ከሰዓት የራሱን ፍላሽ አወጣ። ስምንት ወር የጻፈው ፕሮግራም እዚያ ላይ ነው፤ ሌላው ቅጂ ኮምፒውተር ክፍል ተቆልፎበታል። አባቱ እያየው ፍላሹን አንድ መካከለኛ ስፒከር ጀርባ፣ ማግኔቱ ላይ አስቀመጠው። ጠቅ ብሎ ተጣበቀ።

አባቱ እጁን ዘርግቶ ሊያነሳው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ያ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ከማግኔት አጠገብ የሰው ዕቃ አስቀምጦ አያውቅም።

«ሌላ ባዶ ፍላሽ ፈልግ!»

«ባዶማ ምን ያሳያል አባዬ? ከጠፋ የእኔ ይጥፋ።»

«ስምንት ወር ነው!»

«አውቃለሁ።»

አባቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ሙጫው ተመለሰ። ያን ከሰዓት ግን ሥራው አልሄደለትም፤ አንዱን ወረቀት ገልብጦ ለጥፎ እንደገና ላጠው።

ሐሙስ ብሎን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፍላሹ ካስቀመጠው ቦታ የለም። የስፒከሮቹን ጀርባ አንድ በአንድ ዳበሰ። አባቱ ጠረጴዛው ሥር በአገጩ አመለከተው። ከአንድ አዳራሽ የመጣ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ስፒከር ተገልብጦ ተቀምጧል፤ የማሰሮ ክዳን የሚያህለው ጥቁር ማግኔት መሃል ላይ ፍላሹ ተጣብቋል።

«ከፈተንከው አይቀር በትልቁ ፈትነው» አለ አባቱ፣ ሳያየው። «በትንሹ ብትሄድ ‹ትንሽ ስለሆነ ነው› ይሉሃል። ሰው መናገሪያ አያጣም።»

* * *

ዓርብ አባትና ልጅ ኮምፒውተር ክፍል በር ላይ ደረሱ። አባቱ ከአሮጌ ስፒከር የተነቀለ ከባድ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል። መምህሩ ወረቀቱን አዘጋጅተው፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አጋድመውበት ይጠብቃሉ። አለቃም አለ፤ ምስክር ሆኖ በመስኮቱ ሥር ቆሟል።

«ይፈርም» አሉ መምህሩ።

«ቲቸር፣ አልፈርምም። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም» አለ ብሎን። ፍላሹን ዘረጋላቸው። «ይህ ሁለት ቀን ማግኔት ላይ ውሏል፣ አድሯል። ይክፈቱት።»

መምህሩ አባትየውን አዩ፤ ከዚያ ሰኩት። ፎልደሩ ተከፈተ። ፕሮግራሙ ተነሣ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ ሰባት መቶ አርባኛው ተደርድሮ መጣ።

«ማግኔት ላይ ሲቀመጥ አላየሁም» አሉ መምህሩ።

«እንግዲያው አሁን ያዩታል፣ መምህር» አለ አባቱ። ጨርቁን ፈታ። ማግኔቱን ከኮምፒውተሮቹ አርቆ፣ ልጁ እንዳስጠነቀቀው በሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠው። «የራስዎን ይስጡኝ።»

መምህሩ አመነቱ። መሳቢያቸውን ከፍተው የራሳቸውን ፍላሽ አወጡ፤ ሁሉም እንዳየው እጃቸው ላይ ትንሽ ቆየ። ሰጡት። አባቱ በርከክ ብሎ ፍላሹን ማግኔቱ ላይ አስተኛው፤ ከወዲህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ እያገላበጠ አሻሸው። እጁ የሚሠራውን የሚያውቅ እጅ ነበር፤ ግንባሩ ግን አልቦታል። ያ ካሴት እያንዳንዱ ዙር ላይ ከፊቱ እንዳልጠፋ ልጁ ብቻ አወቀ።

መምህሩ ፍላሹን መልሰው ሰኩት። አንድ ፋይል ከፈቱ። ሌላ ከፈቱ። ስድስተኛው ላይ አቆሙ። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ የተማርኩት በፍሎፒ ዘመን ነው» አሉ። «ማስታወቂያውንም የጻፍኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።»

«እኔም በካሴት ዘመን ነው የቀረሁት» አለ አባቱ።

«ታዲያ ማን አጠፋው?» አሉ መምህሩ። ብሎን ያን ጊዜ አያውቅም ነበር። አለቃ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

«የጠፋ ነገር አንዳንዴ ይመለሳል፤ እህቴ ትሞክረው» አለ አባቱ። «ተምራለች።» ይህን ቃል ያለ ኩርፊያ ሲያወጣው ብሎን ሰምቶ አያውቅም። መምህሩ የመጽሔቱን ፍላሽ ከተቆለፈበት አውጥተው ሰጡት።

* * *

አክስቱ ቅዳሜ ጠዋት ፍላሹን የጠፋ ፋይል ለሚፈልግ ፕሮግራም ሰጠችው። አባትና ልጅ ከኋላዋ ቆሙ።

«ወንድም ጋሼ፣ ጀርባዬ ላይ አትተንፍስብኝ!»

«ዝም በይና ሥሪ!»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስማቸው የጠፋ፣ ቁጥር ብቻ የያዙ ፎቶዎች አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። ሁለት መቶ አምስቱ ተገኙ። ሰባቱ አልተገኙም።

«ፍላሹ ፎርማት ተደርጓል፤ ማለት ተጠርጓል፣ በሰው እጅ» አለች አክስቱ። «ከተጠረገ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተጭኖበት ተሰርዟል። ሰባቱን የደፈጠጣቸው እሱ ነው። ይኸውልህ።»

ብሎን ስክሪኑን አነበበ። የኳስ ጌም ነው። የተጫነበትም ቀን እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ። እሑድ ፍላሹ ማን ቤት እንደነበር ለማወቅ አዋቂ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ጌም ለመገልበጥ ሰክቶታል፤ ቦታ አንሶታል ወይም ኮምፒውተሩ «ልጥረገው ወይ?» ብሎ ጠይቆታል፤ እሱም «እሺ» ብሏል። የሰው ልጅ ይሳሳታል፤ ይኼ ባልከፋ። ሰኞ ጠዋት ግን ባዶውን ፍላሽ ፈገግ ብሎ እጁ ላይ ያስቀመጠለት ያው ሰው ነው። ማክሰኞ ጮኾ የሰደበውም እሱ ነው።

ካልተገኙት ሰባት ፎቶዎች አንዱ የብሎን ነበር።

«ይህን ዝርዝር ላትምልህ?» አለችው አክስቱ። ወረቀቱ ታትሞ ወጣ። ብሎን አራት ቦታ አጥፎ፣ ማግኔቱ ካለበት ኪስ ከተተው።

* * *

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ፎቶዎቹን ተቀበሉ፤ አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ቁልፉን ከመሳቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉለት። ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ውሰድ። ይቅርታ።»

ብሎን ቁልፉን አየው፤ አልነካውም።

«ቲቸር፣ ሲወሰድብኝ አርባ ሰባት ሰው እያየ ነው።»

መምህሩ ቀና አሉ። ሊቆጡ መስሎት ነበር፤ አልተቆጡም። ቁልፉን ወደ መሳቢያቸው መለሱት።

«ነገ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ» አሉ። ቀጥለውም፦ «ማን እንደጠረገው ታውቃለህ?»

ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጣቱ ጠርዙን ነካው።

«ቅዳሜና እሑድ ፍላሹ የነበረበትን ሰው ይጠይቁት» አለ። «እሱ ይንገርዎት።»

ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር፣ መምህሩ ከበሩ ላይ ማስጠንቀቂያውን በራሳቸው እጅ ላጡት። ፍላሽን ማግኔት እንደማያጠፋው፣ ሳያጣሩ እንደፈረዱ፣ ስሕተቱም የእሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ቁልፉን ሰጡት። ከኋላ ወንበር ያሉት ሦስቱ አንገታቸውን ደፉ። ብሎን ቁልፉን ኪሱ ሲከተው ማግኔቱ ጠቅ አድርጎ ሳበው። በቀረው ጊዜ ሁሉ መምህሩ አለቃን አላናገሩትም፤ ሲጨርሱ ግን፦ «አንተ፣ ዛሬ ከመውጣትህ በፊት ቢሮ ትመጣለህ» ብለውት ወጡ።

ደወል ሲደወል አለቃ መተላለፊያው ላይ ቀድሞ ጠበቀው። ያ ከንፈሩ ላይ የማይጠፋው ሳቅ የለም።

«ስማ… አክስትህ ሌላ ነገር አገኘች እንዴ?»

ብሎን ቆመ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አራት ቦታ እንደታጠፈ አለቃ እጅ ላይ አስቀመጠው፤ ልክ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ፍላሹ በራሱ እጅ ላይ እንደተቀመጠው።

አለቃ ገለጠው። አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«ለቲቸር ነግረሃል?» አለ። ቀጥሎ ድምፁ አነሰ። «ሌላ ቅጂ አለህ? ብሎን! ጓደኛዬ አይደለህም እንዴ? እኔ ገብቼ ምን ልበላቸው?»

ተማሪው በሁለቱ መካከል እየተጋፋ ያልፍ ነበር። ብሎን ጓደኛውን ፊት ለፊት አየው፤ ያን የተሰበረ እርሳስ፣ ያንን የጋራ ወንበር፣ የዛሬ ሳምንት የተባለውንም ቃል በቃል አስታወሰ። ስምንት ወር የጻፈው ፕሮግራም የአንድ ወር ሥራ ይቀረዋል። ቁልፉን ከማግኔቱ ላይ አላቀቀ፤ ፊቱን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ አዞረና ሥራውን ሊጨርስ ሄደ።